የስልከኛው እንቅልፍ

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሰባት ልጆች ነበሯቸው፤ አንዷንም አልወለዷትም። ሰባቱም የክርስትና ልጆች ናቸው። እግዜር የራሳቸውን ቢነፍጋቸው፣ በደብረ ታቦር የሚያውቋት ሴት ሁሉ ሴት ልጅ በወለደች ቁጥር ሰማንያ ቀን ቆጥራ «እባክሽ ፈንታነሽ፣ ክርስትና አንሽልኝ» እያለች ትመጣ ነበር። እሳቸው ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባቸውም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሳያምጡ የሰባት ሴቶች እናት ሆነው አረፉት።

እናትነቱንም በዋዛ አልያዙትም። ዶሮ ሲጮኽ ይነሡና ነጠላቸውን አደግድገው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ይቆማሉ። አቡነ ዘበሰማያቱን ካደረሱ በኋላ ስም መጥራት ነው። በመጀመሪያ የባላቸው የክርስትና ስም ይጠራል። ለወልደ ጊዮርጊስ የሚለመነው ልመና ረዘም ይላል፤ ብዙ ጉድለት ያለበት ሰው ነውና። ከዚያ ሰባቱ ልጆች በተራ በተራ፣ እያንዳንዷ በክርስትና ስሟ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚጸልዩት። እግዜር ጆሮው ስለሚከብደው አይደለም፤ ባላቸው ሰምተው፣ አፍረው፣ ከአልጋ እንዲወርዱ ብለው ነው። ባላቸው አቶ እሸቴ ግን ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ተከናንበው ያንኮራፋሉ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው ተነሥተው አያውቁም።

«ዛሬም ለአንቱም ለእኔም እኔው ጸለይሁ» ይላሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ ቁርስ ሲያቀርቡ።

«እግዜር ይስጥሽ። አንድ ሰው ይበቃል፤ ሁለት ሰው ሲይዘው መስመሩ ይጨናነቃል» ይላሉ አቶ እሸቴ እንጀራውን እየቆረሱ።

መስመር ማለታቸው ያለ ነገር አይደለም። አቶ እሸቴ የከተማው ስልከኛ ነበሩ። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር መናገር የፈለገ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። መስመሩን ያገናኙና ማዳመጫውን ከጆሯቸው ላይ አድርገው፣ እንዳይቆረጥ ሲጠብቁ ይውላሉ። ሲቆረጥ መልሰው ይቀጥላሉ። ማን እንደ ተሻረ፣ የማን ልጅ እንደ ኮበለለች፣ የማን እህል እንደ ተወረሰ ከሁሉ ቀድመው ያውቃሉ። ከአፋቸው ግን አንዲት ቃል አትወጣም። «ዝም አይነቅዝም» ነው ቃላቸው። በዚያ ሰው በወሬ በሚታሰርበት ዘመን ያዳናቸው ይኸው ነው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ግን አልወደዱላቸውም፤ የገዛ ጎረቤታቸውን ልጅ መታጨት ከወንዝ ማዶ ሰው ሲሰሙ፣ ባላቸው ወር ሙሉ ያውቁ እንደ ነበር ገባቸውና እስከ ዛሬ ድረስ ቂም ይዘዋል።

ሁለቱም በአንድ ዓመት ጡረታ ወጡ። ወይዘሮ ፈንታነሽ በሴቶች ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበሩና፣ በቤታቸውም መርፌና ክር አላጡም። አቶ እሸቴ ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው፣ በቤታቸው ላይ የሚያልፈውን የስልክ ሽቦ ሽቅብ እያዩ፣ ያረፉበትን ወፎች ሲቆጥሩ ይውላሉ። «ዛሬ አሥራ አራት ናቸው» ይላሉ ለራት ሲገቡ። ሌላ ወሬ የላቸውም። ወይዘሮ ፈንታነሽን ይህ ያሳዝናቸዋል፤ ያናድዳቸዋልም።

በዚህ መሀል ያ ክረምት መጣ፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት ክረምት። ወይዘሮ ፈንታነሽን ተስቦ ያዛቸውና ሦስት ሳምንት ከአልጋ ጣላቸው። በተሻላቸው የመጀመሪያ ማለዳ ቆመው ስም መጥራት ጀመሩ። ወለተ ጊዮርጊስ አሉ፤ አመተ ማርያም አሉ፤ ወለተ ሥላሴ አሉ። ወደ አራተኛዋ ሲሻገሩ አፋቸው ባዶውን ቀረ። አራተኛዋ የለችም። ልጅቱንማ ያውቋታል፤ ሠርካለም ናት፣ የሟች ባልንጀራቸው የየሺ ልጅ። የክርስትና ስሟን ግን ትኩሳቱ ይዞት ሄዷል። ነገ ይመጣልኛል አሉ፤ አልመጣም። ከነገ ወዲያም አልመጣም። በመጨረሻ «ለዚያችም ልጄ፣ አንተ ለምታውቃት» እያሉ መዝለል ጀመሩ። እግዜርን ተስቦ አይዘውም ብለው ተጽናኑ።

ጥቅምት ሲያልቅ ሠርካለም ራሷ ከች አለች። መምህርት ሆናለች፤ ቁመቷ ቁርጥ የሺን። ጉልበታቸውን ስማ ከአጠገባቸው ተቀመጠችና «እማማ፣ ላገባ ነው» አለች።

ወይዘሮ ፈንታነሽ እልልታቸውን አቀለጡት። አቶ እሸቴ ሳይቀሩ ከወፎቻቸው ተነሥተው ገቡ።

«ሙሽራው ዲያቆን ሀብተ ማርያም ነው። ሊቀስስ ስለሆነ በቁርባን ነው የምንጋባው። ጥር አሥራ ስምንት፣ እሑድ። ቄሱ የክርስትና ስሜን ጠየቁኝና ‹ከእማማ ፈንታነሽ ዘንድ ነው› አልኋቸው። እናቴ ልትሞት ስትል ‹ስምሽን ፈንታነሽ ይዛልሻለች፤ ስትዳሪ ትሰጥሻለች› ብላኝ የለ?»

ብላለች። የሺ ነፍሷን ይማረውና መተት የምትፈራ ሴት ነበረች። የልጄን የክርስትና ስም ጠላት ሰምቶ ይደግምባታል ብላ፣ ለልጅቱ ለራሷ እንኳ ሳትነግር ከራሷ፣ ከአጥማቂው ቄስና ከክርስትና እናቷ በቀር ሰው እንዳይሰማው አድርጋ ሞተች። እንግዲህ በምድር ላይ ያንን ስም በአደራ የተቀበለች አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ረስታዋለች።

«ደረቴ ላይ ተጽፏል፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው አልዞረም። ተክሊሉ የሚደፋው፣ ቃል ኪዳኑ የሚታሰረው በክርስትና ስም ነው። ስም ከሌለ ሠርግ የለም። እውነቱን ቢናገሩ ደግሞ ያገሩ ሴት «የክርስትና ልጇን ስም የረሳች» እያለ ሊጠቋቆምባቸው ነው። ከሁሉ የከፋው የሠርካለም ፊት ነው። እናት የሌላት ልጅ፣ ካላት አንድ አደራ ጠባቂ ዘንድ መጥታ ባዶ እጇን ስትመለስ ታየቻቸው። ለባላቸው መንገር አሳፈራቸው። ደግሞስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያንኮራፋ የኖረ ሰው ምን ሊያውቅ?

ስለዚህ ስሙ ሳያስበው ከጆሮው የገባ ቢገኝ ብለው ከዚያ ክርስትና ላይ የነበረ ሰው ማፈላለግ ያዙ። በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው። አንዷ ጌጤ፣ ሐሙሲት ያገባች የየሺ ባልንጀራ። ሁለተኛው ዘውዱ፣ ያኔ ዲያቆን የነበረ፣ ዛሬ ጉና ሥር ገብስ የሚያርስ የወይዘሮ ፈንታነሽ የአክስት ልጅ። ሦስተኛው ያጠመቁት ቄስ ገብረየሱስ፤ እሳቸው ግን ከደብሩ ከለቀቁ ወዲህ የት እንዳሉ የሚያውቅ አልተገኘም።

«ዘመድ እንጠይቅ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ በማግሥቱ፣ ድምፃቸውን እንደ ዋዛ አድርገው። «በቁማችን ተቀበርን እኮ!»

አቶ እሸቴ ዓይናቸውን ከሽቦው ላይ አወረዱ። «ወዴት?»

«ሐሙሲት፣ ጌጤ ዘንድ።»

አቶ እሸቴ ገብተው ጢማቸውን ተላጩ።

ያን ጊዜ ጥየቃም ቢሆን ያለ ቀበሌ ወረቀት አይኬድም። ሊቀ መንበሩ አቶ ሞላ ማኅተማቸውን ይዘው «የጉዞው ምክንያት?» አሏቸው።

«ጥየቃ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ።

«ጥየቃ» ብለው ጻፉ አቶ ሞላ፣ ከሥሩም አሠመሩበት።

ሐሙሲት የገበያ ቀን ነበር። ጌጤ ከቅመም መደቧ ላይ ሆና ገና ከሩቅ ስታያቸው ጮኸች። እሷ ስትስቅ በርበሬ ሻጮች ሁሉ ዞረው ያያሉ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ከአጠገቧ ተቀምጠው፣ ከጤና ከልጅ ካወሩ በኋላ፣ ነገሩን ከሩቅ አመጡት። «የሠርካለምን ክርስትና ታስታውሽዋለሽ?»

«እንዴት ይረሳል!» አለች ጌጤ። የትኛው ወጥ ጨው እንደ በዛበት፣ የማን ጠላ እንደ ቀጠነ፣ የሺ የለበሰችው ጥበብ ከማን የተዋሰችው እንደ ሆነ፣ ሕፃኗ የቄሱን ካባ እንዴት እንዳረጠበችው አንድ ሳታስቀር ዘረዘረች።

«እስቲ ልፈትንሽ፤ ስሟ ማን ተባለ?»

«አዬ ፈንታነሽ! መቼ አሰማሽንና! ቄሱ ሹክ ሲሉሽ አየሁ፤ አንቺም ልጅቱን ከነስሟ በጉያሽ ይዘሽ ውልቅ አልሽ። አሁን እኔን ልትፈትኚ?» ብላ ሳቀች። ወይዘሮ ፈንታነሽም ሳቁ፤ ሆዳቸው እያለቀሰ።

ባላቸውን ሲፈልጓቸው እህል ተራ አገኟቸው። እዚያ ሌላ ጉድ ጠበቃቸው። አቶ እሸቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከአንድ ሽማግሌ ጀርባ ቆመዋል። ሽማግሌው ጤፍ ሲገበያዩ ጥቂት አዳመጡና ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው።

«አንቱ ደምሴ ነዎት። ከወረታ እየደወሉ ‹ሀሎ፣ ሀሎ፣ ኧረ የሰው ያለህ!› የሚሉት።»

ሽማግሌው ደነገጡ። በዚያ ዘመን ማንነትህን የሚያውቅ ሰው ከኋላ ሲመጣ ደግ አይደለም። «አንቱስ ማን ነዎት?» አሉ እየፈሩ።

«ይጠብቁ፣ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ!» አሉ አቶ እሸቴ፣ በሥራ ድምፃቸው።

አቶ ደምሴ ያንን ድምፅ ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ሃያ ዓመት ተነጋግረው ተያይተው አያውቁም ነበር። አቶ እሸቴ የዚያን ዕለት ከአውቶቡስ ሲወርዱ ያፏጩ ነበር። ወፎቹን ቀና ብለው አላዩም። «ፈንቴ፣ ሰውነቱን እኮ ወፍራም አድርጌ ነበር የማስበው፤ ሰውዬው እንጨት!» እያሉ ሲገረሙ አመሹ። «አሁንስ የማንን ዘመድ ነው የምንጠይቅ?»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ታዘቧቸው። እሳቸው በጭንቅ ሲከሱ ሰውዬው በአንድ ቀን ጉዞ አሥር ዓመት ወጣት ሆነዋል።

በታኅሣሥ ወደ ጉና ወጡ። አቶ ሞላ «ደግሞ ጥየቃ?» አሉ፤ ጻፉላቸው። ክምር ድንጋይ ከተማ ድረስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወይዘሮ ፈንታነሽ በበቅሎ፣ አቶ እሸቴ በእግራቸው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ዘውዱ ሁለት የበግ ቆዳ አልብሶ እሳት ዳር አስቀመጣቸው። ጾም ስለ ነበረ ሚስቱ ከፍም ውስጥ የተጠበሰ ድንች እያወጣች፣ በተልባ እያጠቀሰች አጎረሰቻቸው። አቶ እሸቴ ስንት እንደ በሉ አይነገርም።

ዘውዱ ግን ስሙን አያውቅም። «እኔ ያን ቀን ጥላ ያዥ ነበርሁ፤ ሐሳቤም ከድግሱ ላይ ነበር» አለ ሳይደብቅ። «ቄስ ገብረየሱስ ያውቁ እንደሁ እንጂ። ጉልበታቸውን ታመው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ነፍሳቸው መለስ አለች። ጠዋት ሲነሡ ደግሞ የዘውዱ ሚስት «ጋሼ እሸቴ ያንኮራፋሉ ብለው ሲያስፈራሩን አልነበር? እንደ ሕፃን ነው ያደሩት፤ ኮሽ አላሉም» አለቻቸው። ወይዘሮ ፈንታነሽ በሰው ቤት ስለ ነበሩ በልባቸው ነበር የጸለዩት። ብርዱ ይሆናል አሉና ነገሩን ተዉት።

ገናም አለፈ፤ ጥምቀትም ወጣ። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው «ጉልበቴን ወንዛዬ ልታጠበው» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። አቶ ሞላ በዚህኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እማማ፣ አብዮቱ ከተጀመረ ጀምሮ እንደ እርስዎ ዘመዱ የበዛበት ሰው አላየሁም። ፍል ውሃውም ዘመድዎ ነው?»

«በእናቴ በኩል» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። አቶ ሞላ ስቀው ፈረሙ።

ቄስ ገብረየሱስን ከፍል ውሃው ወጥተው፣ እግራቸውን ለፀሐይ ዘርግተው አገኟቸው። አቶ እሸቴ ወንዶቹ ወዳሉበት ውሃ ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ከእንፋሎቱ ውስጥ «አንቱ የወረታው መጋዘን ጠባቂ አይደሉም?» የሚል ድምፃቸው ተሰማ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ዙሪያቸውን አይተው፣ መስቀል ተሳልመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገሩ። ሲናገሩ አለቀሱ።

ቄሱ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። «ልጄ፣ ከወንዝ ስትመላለስ የኖረች ሴት የቀዳችውን እንስራ ሁሉ ታስታውሳለችን?» አሉ። «ስንቱን አጠመቅሁ! የስንቱ ስም ይመጣልኛል! አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ስም አንዴ ነው የሚሰጥ። ከልብሽ ፈጥረሽ ሌላ እንዳትሰጫት። ለልጅቱ እውነቱን ንገሪያት፤ ለአጋቢው ቄስም ንገሪ። ቤተ ክርስቲያን መላ አታጣም።»

«ሠርጉስ፣ አባቴ?»

«ይቆያላ! ጾሙ ደርሷል። ከፋሲካ ወዲያ ያደርጉታል።»

ጠላው ተጠምቋል፤ ዳሱ ሊጣል ነው፤ የሙሽራው ዘመድ ከጋይንት ተነሥቷል። ሐሙስ ዕለት ሲመለሱ ወይዘሮ ፈንታነሽ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ተደግፈው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «ወለተ ማርያም» ይላሉ። «ወለተ ማርያም» ይላሉ ደግሞ። ማን ያውቃል? ለሴት ሁሉ የሚሆን ስም ነው። ቄሱ ይቀበሉታል፤ ሠርካለም ትደሰታለች፤ ሠርጉም በቀኑ ይሆናል። ግን ተክሊሉ ሲደፋ የምትጠራው ሌላ ሴት ናት። ልጃቸው ዕድሜ ልኳን በማታውቀው ሴት ስም ተድራ ልትኖር ነው፤ የሚያውቁትም እሳቸውና እግዜር ብቻ።

«ምን ትያለሽ?» አሉ አቶ እሸቴ።

«ምንም።»

«ወለተ ማርያም ያልሽ መሰለኝ።»

«ቢሆንስ? ልምምድ ነው። ለሠርካለም ቄስ የምነግረው ስም ነው።»

አቶ እሸቴ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ያፏጩት የነበረውን ፉጨት አቆሙ።

ዓርብ ዶሮ ጮኸ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ተነሥተው ቆሙ። ሠርካለም በጠዋት መጥታ ስሟን ልትወስድ ነው። ከኋላቸው ባላቸው ያንኮራፋሉ። ለወልደ ጊዮርጊስ ጸለዩ፤ ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ አፉን እንዲከፍትለት። ከዚያ ልጆቻቸውን ጀመሩ።

«ለወለተ ጊዮርጊስ፤ ለአመተ ማርያም፤ ለወለተ ሥላሴ…»

ቆሙ። «ለዚያችም ልጄ» የሚለው እንኳ አልወጣላቸውም። ዛሬ ስትመጣ ሊዋሿት ነው። እንባቸው መጣ።

«አጸደ ማርያም» አለ አንድ ድምፅ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ከመሬት ላይ ወደቁ። አጸደ ማርያም! እሷ ናት! የሺ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ያቀበለቻቸው፣ የቄሱን ካባ ያረጠበችው፣ አጸደ ማርያም! ጌታ መልአኩን ልኮላቸው ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር በማን ይሆናል? ግንባራቸውን ከምንጣፉ ደፍተው «ቅዱስ ሚካኤል፣ ለእኔ ለኃጢአተኛዋ!» አሉ።

መልአኩ ሳለ።

ሳሉን ያውቁታል። ከጉና ከተመለሱ ጀምሮ በቅቤ ሲያሹት የሰነበቱት ደረት ነው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ማንኮራፋቱ ቆሟል። ተነሡና ጋቢውን ከላያቸው ገፈፉት። አቶ እሸቴ ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ተጋድመዋል።

«አንተ!» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንተ ብለዋቸው አያውቁም ነበር። «አንተ ሰውዬ! እንዴት ዐወቅኸው?»

«በየማለዳው ስትጠሪው እየሰማሁ ነዋ! ሃያ ሁለት ዓመት የሰማሁትን እንዴት አላውቀው? ከወለተ ሥላሴ ቀጥላ አጸደ ማርያም፤ ከእሷ ቀጥላ ጽጌ ማርያም።»

«ተኝተህ?»

«ማን ተኛ?» አሉ አቶ እሸቴ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ያ ሁሉ ማንኮራፋት?»

«የእጄ ሥራ ነው።»

«ታዲያ ከክረምት ጀምሮ ስቃጠል እያየህ ምን ትጠብቅ ነበር?»

አቶ እሸቴ ተነሥተው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት አወረዱ። «መጀመሪያ የእኔ ነገር አይደለም ብዬ ነው። ንግግሩ የአንቺና የእግዜር ነው። እኔ መስመር ጠባቂ ነኝ፤ ስልከኛ መሀል ገብቶ አይናገርም። ሐሙሲት ስንሄድ ግን የምትፈልጊው ምን እንደ ሆነ ገባኝ። ልነግርሽ ነበር፤ ማርያምን! ግን ደምሴን አገኘሁት። ያ ሁሉ ዓመት ድምፁን የምሰማው ሰው፣ መልክ ኖሮት፣ እጅ ኖሮት አቀፈኝ። ብነግርሽ ጉዞው ሊቀር ነው፤ እኔም ወደ ወፎቼ ልመለስ ነው። አንድ ልጨምር፣ አንድ ልጨምር እያልሁ ዘገየሁ። ጥፋቴ ነው። ትላንት ግን ልትዋሺ ስትለማመጂ ሰማሁሽ። መስመር ሲቆረጥ መቀጠል የስልከኛ ሥራ ነው።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ይምቷቸው ወይስ ይሳሟቸው ግራ ገባቸው። ትራሱን አንሥተው በትራሱ መቷቸው። ከዚያ ሳቅ ያዛቸው፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶውም ወደ ሳቅ እየተመላለሰ ጎናቸውን እስኪያማቸው ድረስ አልለቀቃቸውም።

«እሺ፣ ያንንስ ይሁን» አሉ ሲረጋጉ፣ ወደ አንቱታቸው ተመልሰው። «ተነሥተው አብረውኝ ቢቆሙ ምን ነበረበት? ለምን ተኙ መሰሉ?»

አቶ እሸቴ ጋቢያቸውን ጎተት አደረጉ። «መጀመሪያ ላይስ ስንፍና ነበር። ኋላ ግን ሰማሁሽ። ከሁሉ በፊት የምትጠሪው የእኔን ስም ነው። ቀን ስትቆጪኝ ትውያለሽ፤ ማለዳ ደግሞ ‹የእሱን ሞት ከእኔ አታስቀድምብኝ› እያልሽ ትለምኛለሽ። ቆሜ እያየሁሽ ያንን ትይ ነበር? ያ ልመና እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተነሡና ቁርስ ሊያቀርቡ ሄዱ።

ሠርካለም ስትመጣ ከበር ላይ አቅፈው በጆሮዋ ሹክ አሏት። ልጅቱ ቃሉን ሁለት ጊዜ በከንፈሯ ሞከረችው፤ ከዚያ የሺ ያወረሰቻትን ፈገግታ ፈገግ አለች። እሑድም ቄሱ ተክሊሉን ከፍ አድርገው ሀብተ ማርያምንና አጸደ ማርያምን በስማቸው ሲጠሩ፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከሴቶች ወገን ሆነው ባላቸውን ፈለጓቸው። አቶ እሸቴ ከወንዶች ወገን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ሥራ ዘመናቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር። በዳሱም ከጋይንት የመጣ እንግዳ በድምፁ ለይተው፣ ለየካቲት ጥየቃ ተቃጠሩ።

ሰኞ ዶሮ ሲጮኽ አቶ እሸቴ ማስመሰሉ ስለ ታወቀባቸው ተነሥተው ከሚስታቸው ጎን ቆሙ። ወይዘሮ ፈንታነሽ አቡነ ዘበሰማያቱን አደረሱ። «ለወልደ ጊዮርጊስ» አሉ፤ አፈሩ። ወልደ ጊዮርጊስ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። «ጤናውን ስጠው» ብለው በአጭሩ ቆረጡና ወደ ልጆቹ አለፉ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ የባላቸውን ስም ጠርተው ጨርሶ ጸጥ አሉ። ቀኑን ሙሉም አንድ ነገር የጎደላቸው መሰላቸው።

ሐሙስ አቶ እሸቴ ከአልጋ ሊወርዱ እግራቸውን ሲያወጡ፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ ደረታቸውን ገፋ አድርገው መለሷቸው።

«ይተኙልኝ እስቲ» አሉ።

አቶ እሸቴ ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ተከናነቡ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ማንኮራፋቱ ተጀመረ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ አንድ ሳይጎድልበት። ያን ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና ለወልደ ጊዮርጊስ መለመን ጀመሩ፤ ሦስት ቀን የተጠራቀመ ነበርና ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ወደ ልጆቹ አልደረሱም።